«ኦስ»፦ አጥንት ወይስ አፍ? ስለ አንድ የላቲን ስያሜ ፍችና አነባበብ

ለጤና ሙያ ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ የሙያ ቃላት ዝርዝር ረቂቅ አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ከዳር እስከ ዳር ተመልክተነዋል። የአዘጋጆቹን ማንነት መግለጽ ለጉዳያችን አስፈላጊ ስላልሆነ እንተወዋለን፤ ድካማቸው ምስጋና የሚገባው መሆኑን ግን ሳንናገር አናልፍም። ለምሳሌ «ሜዱላ ኦሲኡም» ለተባለው የላቲን ስያሜ አዲስ ቃል ለመፍጠር ሳይጨነቁ ገበሬውም ሥጋ ሻጩም የሚያውቀውን «መቅኒ»ን ሰጥተዋል። ይህን የመሰለ ማስተዋል በብዙ ገጾች ላይ ይገኛል። ትችታችን የሚያተኩረው በአንድ አጭር ቃል ላይ ነው፤ ቃሉም «ኦስ» ነው።

በረቂቁ ውስጥ ይህ ቃል ሦስት ቦታ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያው «ኦስ = አጥንት» ተብሏል፤ ፍቹ ትክክል ነው። በሁለተኛው፣ ስለ ማኅፀንና ስለ ወሊድ በሚናገረው ክፍል፣ «ኢንተርናል ኦስ = ውስጠኛው አጥንት»፣ «ኤክስተርናል ኦስ = ውጭኛው አጥንት» ይላል። በሦስተኛው ደግሞ «ኦሪስ» የሚል ቃል ያለ ዘመድ ብቻውን ተመዝግቦ «የአፍ» የሚል ፍች ተሰጥቶታል። አዘጋጆቹ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቢያገናኟቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገን ነበር። በማኅፀን ላይ ያለው «ኦስ» አጥንት ሳይሆን አፍ ነው፤ ብቸኛ ሆኖ የቀረው «ኦሪስ»ም የዚሁ የ«አፍ» ቃል የአገናዛቢ መልክ ነው።

ስሕተቱን አደገኛ የሚያደርገው ትርጉም ያለው መምሰሉ ነው። ማኅፀን በዳሌ አጥንቶች የተከበበ ስለሆነ በዚያ አካባቢ «ውስጠኛው አጥንት» የሚባል ነገር አለ ቢባል ተማሪው የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። እዚህ ግባ የማይባል የተረት ፍች ቢሆን ኖሮ አንባቢው ራሱ ይነቃበት ነበር። አሁን ግን፣ የእንግዴ ልጁ ውስጠኛውን «ኦስ» ሸፍኖ ሲገኝ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ደም ሊፈስ እንደሚችልና በዚህ ጊዜ በጣት መመርመር ብርቱ መድማትን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያስጠነቅቀው አንቀጽ በአማርኛ ሲጻፍ፣ አዋላጇ የምታነበው የእንግዴ ልጁ አንድ አጥንት እንደሸፈነ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ዋና ቁም ነገሩን አጥቶ የቃላት ክምር ይሆናል ማለት ነው። የቃል ስየማ ሥራ የቢሮ ሥራ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ምሳሌ በቂ መልስ ይመስለናል።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ቃሉ ራሱ እንናገር። በላቲን ቋንቋ በባለቤት ሙያ ሲነገሩ በጽሕፈት አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ኦስ» አጥንት ሲሆን አናባቢው አጭር ነው፤ አገናዛቢው «ኦሲስ»፣ ብዙ ቍጥሩ «ኦሳ» ይሆናል፤ በሁለቱም የ«ስ» ድምፅ ጠብቆ ይነበባል። ሁለተኛው «ኦስ» አፍ ሲሆን አናባቢው ረጅም ነው፤ አገናዛቢው «ኦሪስ»፣ ብዙ ቍጥሩ «ኦራ» ነው። እንግዲህ በባለቤት ሙያ ሁለቱን የሚለያቸው የአናባቢው ርዝመት ብቻ ነው።

አንዱ ቃል በሌሎቹ ሙያዎች «ስ»ን ሲይዝ ሌላው ወደ «ር» የሄደበት ምክንያት ለድምፅ አጥኚ የሚጥም ነው። በጥንታዊው ላቲን በሁለት አናባቢዎች መካከል የምትገኝ ላላ ያለች «ስ» በጊዜ ብዛት ወደ «ር» ተለውጣለች። አበባ የሚል ፍች ያለው «ፍሎስ» በአገናዛቢ «ፍሎሪስ» የሚሆነውም ስለዚህ ነው። የአጥንቱ «ስ» ግን የጠበቀች ስለነበረች ከዚህ ለውጥ ተርፋለች። በባለቤት ሙያ በቃሉ መጨረሻ ላይ ስለምትውል ጥብቀቷ በጽሕፈት አይታይም፤ በማር ስም በ«ሜል»ና በሐሞት ስም በ«ፌል» የሚታየውም ይኸው ነው፤ አገናዛቢያቸው «ሜሊስ»፣ «ፌሊስ» ሲሆን «ል» ይጠብቃል። ስለዚህ የአጥንቱ ቃል ሥር ተደብቆ የሚኖር ጥብቀት አለው፤ ሁለቱን ቃላት በአገናዛቢያቸው ለያይቶ ያስቀመጠልንም ይህ ጥብቀት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጥብቀት እንግዳ ነገር አይደለም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ ማለት ነው፤ «ገና» ላልቶ ጊዜ፣ ጠብቆ በዓል ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍም፤ አንባቢው በልማዱና በዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይሞላዋል። የአናባቢ ርዝመት ግን በአማርኛ ፍች የማይለይ ስለሆነ ፊደላችን የሚጽፍበት ምክንያትም አልነበረውም። «ኦ» አንዲት ናት። በዚህ ምክንያት ሁለቱን የላቲን ቃላት በፊደላችን ስንጽፍ በባለቤት ሙያ ፍጹም አንድ ይሆናሉ፤ ተማሪውም ከእናቱ ቋንቋ የወረሰው ጆሮ አይረዳውም። «አለ»ን በትክክል የሚያነበው አማርኛ ስለሚያውቅ ነው፤ «ኦስ»ን በትክክል ለማንበብ ግን ላቲን ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ የላቲን ተናጋሪዎች ራሳቸው ደርሰውበታል። በዛሬዪቱ አልጄርያ ምድር የነበረችው የሂፖ ከተማ ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በጻፈው ባለ 4 ክፍል መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ያነሣዋል። በ3ኛው ክፍል ስለ አሻሚ ንባብ ሲያስረዳ ከመዝሙረ ዳዊት 138፥15 ይጠቅሳል። በላቲኑ ትርጉም በዚያ ቦታ የተጻፈው «ኦስ» ነው። አንባቢው አሳጥሮ ቢያነበው አጥንት፣ አስረዝሞ ቢያነበው አፍ ይሆናል፤ የላቲኑ ጽሑፍ ብቻውን አይፈርድም። ፈራጁ ትርጉሙ የተቀዳበት ግሪክኛ ነው፤ በዚያ የሚገኘው የአጥንት ቃል እንጂ የአፍ ቃል አይደለም። በ4ኛው ክፍል ደግሞ ወደዚሁ ቃል ተመልሶ፣ የአፍሪካ ሰው ጆሮ የአናባቢን እጥረትና ርዝመት ስለማይለይ፣ የተማሩ ሰዎች «ኦስ» ቢሉም አስተማሪ ሕዝቡ የሚለውን «ኦሱም» ቢጠቀም ምን ነውር አለው ይላል። «ኦሱም» በሰዋስው መምህራን ዘንድ የተናቀ መልክ ነበር። አውግስጢኖስ ራሱ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ ከጌጥ ይልቅ መግባባትን መምረጡ ለእኛ ሙያ ትልቅ ምስክር ነው።

በነገራችን ላይ፣ የግዕዙ ዳዊት ከግሪክኛው የተመለሰ ስለሆነና ግዕዝም «ዐፅም»ንና «አፍ»ን በምንም መንገድ ስለማያምታታ፣ የእኛ አንባቢ ይህ መንታ መንገድ ገጥሞት አያውቅም። የምዕራፉ ቍጥር እንኳ በእኛው ዳዊትና አውግስጢኖስ በያዘው አንድ ነው፤ ሁለቱም የግሪክኛውን አቈጣጠር ይከተላሉና።

ታሪክ የፈረደው ለ«ኦሱም» ነው። ከላቲን የወጡት የኢጣልያንኛው «ኦሶ» እና የእስፓንኛው «ኡዌሶ» የተገኙት ከተናቀው መልክ ነው። ፈረንሳይኛ «ኦስ»ን ቢይዝም ተቀናቃኙ የአፍ ቃል በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ከዕለት ንግግር ጠፍቶ፣ በእርሱ ፈንታ ቀድሞ ጉንጭ ማለት የነበረው «ቡካ» ገብቷል፤ የኢጣልያንኛው «ቦካ»፣ የእስፓንኛው «ቦካ»፣ የፈረንሳይኛው «ቡሽ» ከዚያ የመጡ ናቸው። ሁለት ቃላት በድምፅ ሲጋጩ ሕዝብ አንዱን ያሳድሳል፣ ሌላውን ይጥላል። የሙያ ቋንቋ ግን እንዲህ ራሱን አያክምም፤ ሙታን የሆኑትን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጠቀምባቸዋል።

በሰውነት ክፍሎች ስያሜ የሆነውም ይህ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. በባዝል የተስማሙበት ዝርዝር የተከማቹትን በርካታ ተመሳሳይ ስሞች አጣርቶ አሳጠረ፤ በ1955 የፓሪሱ ዝርዝር ተከተለ፤ በ1998 «ቴርሚኖሎጊያ አናቶሚካ» ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ2019 ወጣ። በ1998ቱ ዝርዝር በሰውነት ውጫዊ ክፍሎች መካከል «ኦስ» አፍ ተብሎ፣ በአፅም ሥርዓት ውስጥ ደግሞ «ኦሳ» አጥንቶች ተብሎ ይገኛል። ነገር ግን ዝርዝሩ የማኅፀኑን ቀዳዳ «ኦስ» አይለውም፤ «ኦስቲኡም ኡቴሪ» ይለዋል። «ኦስቲኡም» ከአፉ «ኦስ» የወጣ ሲሆን በር፣ መግቢያ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ የማዋለድ መጻሕፍት ግን አሮጌውን «ኦስ» እስከ ዛሬ አልተዉትም። የረቂቁ አዘጋጆች የተሰናከሉት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቃሉን ወስደው ፍቹን ከላቲኑ የአጥንት ምዕራፍ ስለፈለጉ ይመስለናል። የላቲን ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ሲደርሰን የላቲኑን ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝኛውንም ልማድ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል።

ሦስተኛ ሞክሼም አለ። ሐኪም በመድኃኒት ማዘዣ ላይ «ፔር ኦስ» ሲጽፍ በአፍ የሚወሰድ ማለቱ ነው። የዓይን ሐኪሞች ደግሞ የግራ ዓይንን «ኦኩሉስ ሲኒስቴር» በሁለት የመጀመሪያ ፊደላት አሳጥረው ይጽፋሉ፤ በላቲን ፊደል ሁለቱ ያው ናቸው። በአሜሪካ የሚገኘው የመድኃኒት አጠቃቀም ደኅንነት ተቋም ስሕተት ያስከትላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው አጻጻፎች መካከል «ፔር ኦስ» አንዱ ነው፤ ምክንያቱም «ኦስ» የግራ ዓይን ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል ነው። በአማርኛ «በአፍ የሚወሰድ» ብለን ከጻፍን ይህ ሁሉ ጣጣ አይነካንም። ረቂቁ በዚህ ቦታ «ፔር ኦስ» ብሎ በፊደላችን ማስቀመጡ ለምን እንዳስፈለገው አልተረዳንም።

አሁን ወደ አነባበቡ እንመለስ። ረቂቁ የላቲን ስሞችን የጻፈው በላቲን ፊደላቸው ተመርቶ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ጆሮ ነው። «ኦስ ኮክሴ» የተባለው የዳሌ አጥንት «ኦስ ኮክሲ» ተብሏል፤ «ኦስ ኢስኪኢ» የተባለው የመቀመጫ አጥንት «ኦስ ኢስኪያይ» ሆኗል። መምህራን በክፍል እንዲህ ስለሚሉ ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ይሁን እንጂ መምህራን ሁሉ አንድ ዓይነት አይሉም። በአገራችን ካስተማሩትና ከታከምንባቸው ሐኪሞች መካከል በሶቪየት ኅብረት፣ በጀርመን፣ በኩባ፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩ አሉ፤ እያንዳንዱም ላቲንን ያነበበው እንደ አገሩ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የአንዱን ጆሮ ተከትሎ ቢጽፍ ለሌላው እንግዳ ይሆናል፤ የላቲኑን ፊደል ተከትሎ ቢጽፍ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ይህ የጆሮ አጻጻፍ ከባሰ ነገር ላይ የሚያደርሰው በሚከተለው ጥንድ ነው። አጥንትን የሚሸፍነው ስስ ክዳን በላቲን «ፔሪኦስቴኡም» ይባላል፤ የቃሉ ሁለተኛ ክፍል የግሪክኛው «ኦስቴዮን» አጥንት ነው። ቀዳዳ ወይም መግቢያ ግን ከላይ እንዳልነው «ኦስቲኡም» ነው። በላቲኑ ጽሕፈት ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት አናባቢ ናት፤ አንዱ ጋ «ቴ»፣ ሌላው ጋ «ቲ»። እንግሊዝኛ አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ረቂቁም «ፔሪኦስቲየም»ና «ኦስቲየም» ብሎ ጽፏቸዋል። ተማሪው ከሁለቱ ዝምድና ቢገምት ማን ይፈርድበታል? ፊደላችን የአናባቢ ርዝመትንና ጥብቀትን ባይጽፍም ሰባቱን አናባቢዎች አጥርቶ ይለያል። በዚህ ጥንድ ላይ የሚያስፈልገን ልዩነት በእጃችን ሳለ መጣላችን የሚያስቆጭ ነው።

ስለ አማርኛው ፍችም የምንለው አለን። አዘጋጆቹ «ኦስ»ን አንዳንድ ጊዜ «አጥንት»፣ አንዳንድ ጊዜ «አፅም» ይሉታል፤ ዘርፍ ያያዘውን ስም በግዕዝ አሠራር ማሳጠር ሲፈልጉ ወደ «አፅመ» ያደላሉ። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው። «ጸጉር» በአማርኛ «ጠጉር» እንደሆነ ሁሉ የግዕዙ «ዐፅም»ም ድምፁን ለውጦ «አጥንት» ሆኗል፤ በኋላ «አፅም» ከግዕዝ መጻሕፍት ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ገባ። ነገር ግን ሁለት ጊዜ የገባ ቃል ሁለት ሥራ ይይዛል። በዛሬው አማርኛ «አፅም» የሟች ቅሪት ነው፤ ከመቃብር የሚፈልሰው፣ በክብር የሚያርፈው አፅም ነው። «አፅመ ርስት» ሲባልም ከአባቶች የወረደ መሆኑን እንጂ የሕክምና ነገርን አያስታውስም። ሐኪም በሕይወት ላለ ሰው «የዳሌ አፅምዎ ተሰንጥቋል» ቢለው ሕመምተኛው ከስብራቱ በፊት በቃሉ ይደነግጣል። ስለዚህ ለ«ኦስ» ምንጊዜም «አጥንት»፣ ለጠቅላላው የአጥንት መዋቅር ደግሞ «አፅም» ቢሆን ልዩነቱ ከሕዝቡ አነጋገር ጋር ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «ኦስ ሳክሩም» ነው። ረቂቁ ቃል በቃል «ቅዱስ አጥንት» ብሎታል። ላቲኑ ራሱ ከግሪክኛው ቃል በቃል የተመለሰ ነው፤ ለምን የተቀደሰ እንደተባለ ሊቃውንት ልዩ ልዩ ግምት ሰጥተዋል፤ አንዱም ሁሉንም አላስማማም። ምክንያቱ ያልተረጋገጠ ስያሜን ቃል በቃል ማስተላለፍ በማናቸውም ቋንቋ አጠራጣሪ ነው፤ ዐፅመ ቅዱሳን በሚከበርበት አገር ደግሞ የባሰ ያሳስታል። አምስት የአከርካሪ አጥንቶች ተጣብቀው የሚሠሩት፣ ከወገብ በታች የሚገኝ ሽብልቅ መሳይ አጥንት ስለሆነ «የአከርካሪ መሠረት አጥንት» ብንለው ቦታውንም ሥራውንም ይገልጻል። የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።

የቀረው የማኅፀኑ አፍ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ከረቂቁ አልፎ ወደ ተለመደው የጤና አማርኛ ይደርሳል። ላቲኑ የማኅፀንን የታችኛ ክፍል «ሴርቪክስ»፣ ማለትም አንገት ይለዋል። በአማርኛ ግን በተለይ ስለ ካንሰር በሚሰጠው ትምህርት ይህ ክፍል «የማኅፀን በር» ወይም «የማኅፀን ጫፍ» ተብሏል። «በር» ለሕዝብ ማስረዳት ጥሩ ቃል ነው፤ ሕዝቡም ተቀብሎታል፤ ለመለወጥ መሞከር ከንቱ ድካም ይሆናል። ይሁን እንጂ በሩን ለአንገቱ ስለሰጠነው ለእውነተኛው በር፣ ለ«ኦስቲኡም»፣ ቃል አልቀረንም። አንገቱ ርዝመት ያለው ቱቦ ነው፤ በላይኛው ጫፉ ውስጠኛው፣ በታችኛው ጫፉ ውጭኛው ቀዳዳ አለ። አንድ በር ሁለት በር አለው ብሎ ለተማሪ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? የአዘጋጆቹ ስሕተት በከፊል ከዚህ እጦት የመጣ ሊሆን ይችላል ብለን እንገምታለን፤ «በር» ተይዞ ስላገኙት ወደ ሌላ ፍች ሄደዋል።

የምናቀርበው ሐሳብ በባለሙያ መጻሕፍት ክፍሉ «የማኅፀን አንገት»፣ ቀዳዳው «የማኅፀን አፍ» እንዲባል፣ በሕዝብ ትምህርት ግን «የማኅፀን በር» እንደነበረ እንዲቀጥል፣ መዝገበ ቃላቱም ሁለቱን በማመልከቻ እንዲያገናኝ ነው። «አፍ» ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይስማማል። አማርኛ የጉድጓድን፣ የማሰሮን፣ የከረጢትን መግቢያ ሁሉ አፍ ይለዋልና፤ ላቲንም እንዲሁ አድርጓል።

ስለ አመዘጋገቡ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የላቲን ስም በፊደላችን ሲመዘገብ አገናዛቢው አብሮት ይጻፍ። ይህ የላቲን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሁሉ የሚከተሉት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለእኛ ግን ከሥርዓትነት አልፎ ፊደላችን በባለቤት ሙያ ሊያሳየው ያልቻለውን የሚያሳይ መድኃኒት ይሆናል። «ኦሲስ»ንና «ኦሪስ»ን ማንም አያምታታቸውም። ይህም ሲሆን ብቸኛው «ኦሪስ» ወደ ቤቱ ይገባል፤ «ካቪታስ ኦሪስ» ከየት እንደመጣ ተማሪው ሳይነገረው ይገባዋል። በዚህ መሠረት የረቂቁ ገጽ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እንደሚከተለው እንዲታረም ለአዘጋጆቹ ጽፈንላቸዋል፦

ኦስ፣ ኦሲስ (ኦ አጥሮ፤ ሲ ጠብቆ)፤ ብዙ ኦሳ። አጥንት። «ኦስ ኮክሴ» የዳሌ አጥንት፤ «ሜዱላ ኦሲኡም» መቅኒ።

ኦስ፣ ኦሪስ (ኦ ረዝሞ፤ ሪ ላልቶ)፤ ብዙ ኦራ። አፍ። «ካቪታስ ኦሪስ» የአፍ ውስጥ ክፍተት። በእንግሊዝኛ የማዋለድ መጻሕፍት «ኢንተርናል ኦስ»፣ «ኤክስተርናል ኦስ» ውስጠኛው የማኅፀን አፍ፣ ውጭኛው የማኅፀን አፍ፤ ኦስቲኡም የሚለውን ተመልከት።